የሐሪር ጥምና የሼህ ይማም ቆብ

ሐጂ ጀዕፈርን ያገኘኋቸው ፈልጌ አይደለም። እንዲያውም ዓመት ሙሉ ስሸሻቸው ከርሜያለሁ። እሳቸው በሚያልፉበት መንገድ አላልፍም፤ ሲባጎ የምገዛበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ካየሁ ሲባጎው ይቅርብኝ ብዬ እመለሳለሁ። በ1988 ዓ.ም. የረመዳን ሃያኛው ቀን ግን፥ ጧት ሁለት ሰዓት ገደማ፥ የተቀደደ ኮርቻ ተሸክሜ ባሕሩን ዳር ዳር ስሄድ፥ ሽማግሌው ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው የባዝራቸውን እግር በጨው ውኃ ሲያጥቡ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። በስተቀኜ ባሕር፥ በስተግራዬ የጨው ክምር፤ መሸሻ የለም።

«አሰላሙ ዓለይኩም፥ ሐጂ» አልኩ፥ ኮርቻውን ከራሴ ሳላወርድ።

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ሒክማ ነሽ? አልሞትሽም?»

«ሞት በእኔ በኩል አያልፍም፤ ምላስሽን ይፈራል አሉኝ።»

«ምላስሽ ደኅና ነው ማለት ነው» አሉ ሳይስቁ። «መልካም። እጅሽስ? አሁንም ይሰፋል?»

«በአሰብ ፈረስ የሚያለብስ ሌላ እጅ አለ እንዴ?»

«ቢኖርማ አንቺን መቼ እጠይቅ ነበር! ቆቡ ተተርትሯል። ለዒድ መድረስ አለበት። ከሰዓት በኋላ፥ ዐስር ሶላት ሲያበቃ ይዤው እመጣለሁ።»

የተጣላነው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የሐጂ ጀዕፈር አባት ሼህ ይማም ከወሎ ወርደው አሰብ ከሰፈሩት ነጋዴዎች መካከል ቀዳሚው ነበሩ ይባላል። ፈረስና ቅል ቅቤ ይዘው በዳንክል በረሃ ወርደው፥ ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመለሱ ነበር። የዒድ ማግስት ግልቢያን የጀመሩልን እሳቸው ናቸው። ፈረሱ ከጨው እርሻው ጫፍ ይነሣል፤ በበይሉል መንገድ እስከ ሦስቱ ዘንባባ ይደርሳል፤ ይመለሳል። እንዲህ ሦስት ደርሶ መልስ። በእግር ለሚሄድ ሰው አንዱ ጉዞ ብቻ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሕጉ ደግሞ፥ ፈረሱ ከንጋቱ ፈጅር ሶላት ጀምሮ ግልቢያው እስኪያልቅ ጠብታ ውኃ አይቀምስም። የሕጉ ጠባቂ ሐጂ ጀዕፈር ናቸው። የአባታቸውን የቆዳ ቆብ በዘንግ ላይ ሰቅለው ከፍ ሲያደርጉት ጋላቢው ይዘጋጃል፤ ዝቅ ሲያደርጉት ይለቃል። ያን ቆብ ሳያይ የሚሮጥ ፈረስ የለም።

አምና የውድነህ ፈረስ፥ ቡላው፥ በሦስተኛው ዙር ዘንባባው ሥር ወደቀ። ውድነህ ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርድ፥ ቀን የሠራውን ለፈረሱ ገብስ የሚያውል ሰው ነው። ፈረሱን እንደ ወንድሙ አልቅሶ ቀበረው። ሰዉ «ሙቀቱ ገደለው» ሲል እኔ ከሕዝቡ መካከል «ሙቀቱ አይደለም፥ ሕጉ ነው የገደለው» አልኩ። ሐጂ ሰሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተነጋገርንም ነበር።

ዘንድሮ የምትሮጠው የራሳቸው ባዝራ ናት፤ ያቺ ባሕር ዳር እግሯን የሚያጥቧት። ሐሪርን ሳላወድስ ባልፍ ግን ምላሴ ራሱ ይወቅሰኛል። እናቷ ሼህ ይማም ካወረዷቸው የወሎ ፈረሶች ዘር የቀረች የመጨረሻዋ ነበረች፤ አባቷ ከየመን በሳምቡክ ጀልባ የተሻገረ ቀጭን ፈረስ ነው። ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሣ የደም ሥሯ እንደ ቅጠል ሥር ተስሎ ይታያል። ስትቆም እንኳ የምትሄድ ትመስላለች። አጭር መንገድ ላይ የሚቀድማት ከአሰብ እስከ ራሔይታ አልተወለደም። ነገር ግን እግሯ ሸምበቆ፥ ጎኗ ወረቀት ነው። የዱሮዎቹ እንደዚያ አልነበሩም፤ አጫጭር፥ ደረተ ሰፊ፥ ሰኮናቸው የባሕር ድንጋይ። ያሁኖቹ የጋሪ ግቢ ውስጥ የተወለዱ፥ ጥላ የለመዱ፥ ፈጣንና ተሰባሪ ናቸው። ይህን የማያይ ሰው የለም፤ የሚናገረው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዐስር በኋላ፥ እንዳሉት፥ መጡ። የእኔ ሥራ ቤት አራት እንጨትና አንድ ቆርቆሮ ነው። መምህር አሥራት የቦርሳው ጠፍር ተበጥሶበት ተቀምጦ ነበር። አሥራት ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፥ የማኅበረሰባችን ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። ደግ ሰው ነው፤ የሚያውቀውን ለሰው ሳይሰጥ እንቅልፍ አይወስደውም። ሐጂን ሲያይ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ ወዲያውም ያንኑ ነገር አነሣው።

«ሐጂ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ስለ ግልቢያው አንድ አሳብ ነበረኝ። በሳይንስ ረገድ ሲታይ የእንስሳ ሰውነት አብዛኛው ውኃ ነው። በላብ ሲወጣ ደም ይወፍራል፤ ደም ሲወፍር ልብ ይደክማል…»

«መምህር፥ ፈረስ ጋልበህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ከፈረስ ወድቀህስ?»

«ካልጋለብኩ እንዴት እወድቃለሁ፥ ሐጂ?»

«እሱን ነው የምልህ» አሉና ተደላድለው ተቀመጡ። «አሁን ደግሞ እኔ ስለ ትምህርት ልጠይቅህ። ተማሪህ ፈተና ሲወድቅ ፈተናውን ታቀልለታለህ?»

«አላቀልለትም።»

«በል፥ የእኔም ፈረስ ይፈተን።»

አሥራት ቦርሳውን አገላበጠ። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ብዙ ጊዜ መጽሐፉን ይዞ ወደ ሰው ይመጣል እንጂ የመጣበትን ሰው አያነብም። እኔ የተማርኩት ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነው፤ ዜናው ሁልጊዜ መካከሉ ላይ ይቀደድብኝ ስለነበር የጎደለውን ራሴ መሙላት ለምጃለሁ። ሙያዬም እንደዚያው ነው። አባቴ ሲሞት የተወልኝን አንድ አሮጌ ኮርቻ ፈትቼ ሰፋሁት፤ ሰባት ጊዜ ተበላሸብኝ፥ በስምንተኛው ቆመ። ስለዚህ ወስፌዬን አስቀመጥኩና ገባሁበት።

«ሐጂ፥ መምህሩ የሒሳብ ፈተና ሲሰጥ ሒሳብ ይጠይቃል እንጂ ተማሪውን አስጠምቶ አይደለም። ግልቢያው የፍጥነት ነው ወይስ የጥም?»

«የሁለቱም ነው! አንቺ ልጅ፥ አባቴ ፈረስ ሲያወርዱ ጥም ያልቻለ ፈረስ ጌታውን ይገድል ነበር። ግልቢያው ጨዋታ መሰለሽ? ያ መንገድ ነው። ከወሎ እስከ አሰብ ያለው መንገድ ሁሉ በአንድ ጧት ታጥፎ።»

እውነቱን ልናገር፤ ይህ ንግግር ልቤን ነካው። እንዲህ የሚናገር ሽማግሌ ያለው ከተማ ድኻ አይባልም። ግን ልብ ተነካ ተብሎ ነገር አይተውም።

«መንገዱን ካነሡት፥ እርስዎ ዛሬ ደሴ ሲሄዱ በምን ይሄዳሉ?»

«በምን እሄዳለሁ! በትሬንታ መኪና።»

«ትሬንታው ኤሊዳር ሲደርስ ሾፌሩ ምን ያደርጋል?»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷቸው ጺማቸውን ያዙ። አሥራት ግን አላስቻለውም፤ «ራዲያተሩ ውስጥ ውኃ ይጨምራል!» አለ።

«ለብረት የፈቀዱትን ነው ለሥጋ የከለከሉት፥ ሐጂ።»

«እኛስ?» አሉ ቆጣ ብለው። «እኔና አንቺ አሁን ውኃ ቀምሰናል? ፀሐይዋን አታይም? ሰው ይጾም የለም እንዴ?»

«እኔ ኒያ አድርጌ፥ በልቤ ቆርጬ ነው የጾምኩት። ሐሪር ሌሊት ተነሥታ ሱሑር በልታ ኒያ አድርጋለች? ደግሞስ መንገደኛና በሽተኛ ተፈቅዶላቸው የለም? ግልቢያው መንገድ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ እንግዲያው ፈረሱ መንገደኛ ነው።»

ሐጂ አሥራትን ዞረው አዩትና «ይህችን ማን ነው ያስተማራት?» አሉ።

«እኔ አይደለሁም፥ ሐጂ። ወላሂ እኔ አይደለሁም» አለ፥ ክርስቲያንነቱን ረስቶ። ሦስታችንም ሳቅን፤ የዓመቱ ቂም ከዚያች ሳቅ ላይ ትንሽ ተላጠ።

ሐጂ ግን በሳቅ የሚሸነፉ ሰው አይደሉም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዋናውን ጥያቄያቸውን አወጡ። «አንድ ነገር መልሽልኝ፥ ልጄ። ፈረሶቹ ደከሙ ትያላችሁ፤ እውነት ነው። የደከመ ፈረስ ስላለ ፈተናውን ካቀለልነው፥ የሚቀጥለው ውርንጭላ ከዚህ ይበልጥ ይደክማል። ከዚያ እንደገና እናቀልለት? በመጨረሻ ፈረሱን ተሸክመን ልንሮጥ ነው? ጠንካራውን ከሰነፉ የሚለየው ይህ ግልቢያ ነው። እሱን ካጠፋሽ ዘሩን አጠፋሽ።»

ይህ የብልህ ሰው ክርክር ነው። ስለ ትምህርትም፥ ስለ ልጆችም፥ ስለ ሌላውም ነገር ሁሉ አባቶቻችን የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የሚመልስላቸውም ጥቂት ነው። እኔ የመለስኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአምናው ግልቢያ ነው።

«አምና ማን አሸነፈ፥ ሐጂ?»

«ጉራቹ።»

«በሦስተኛው ዙር ጉራቹ ሮጠ?»

«…ሄደ» አሉ።

«በእርምጃ ነው የገባው። ሰነፍ ስለሆነ ራሱን አልገደለም። ቡላው ግን እስኪሞት ድረስ ሮጠ፥ ልበ ሙሉ ነበርና። አሁን ቡላው አፈር ውስጥ ነው፤ አንዲት ውርንጭላ እንኳ አልተወም። ከሐሪር በቀር የአሰብ ባዝራ ሁሉ በዚህ ዓመት ያረገዘችው ከማን ነው? አሸናፊ ነው ተብሎ ከጉራቹ! ግልቢያው ጠንካራውን ከሰነፉ ለየ ያሉት ትክክል ነው፤ ለየና ጠንካራውን ቀበረው፥ ሰነፉን አባት አደረገው።»

ሐጂ ጀዕፈር ከሽርጣቸው ላይ የጨው ፍርፋሪ አራገፉ። ከዚያ ወደ ባሕሩ እያዩ፥ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፥ «እኛ እዚህ መሬት የለንም» አሉ። «አፋሩ አገሩ ነው። ሌላው ቢጠብበው የሚገባበት አገር አለው። እኛ ሱቃችን የኪራይ፥ ቤታችን የቆርቆሮ። ከአባቴ የወረስኩት አንድ ርስት ቢኖር ይህች ግልቢያ ናት። ርስት እየሸራረፉ አይኖርም፥ ሒክማ። ዛሬ ይችን ከቆረጥኩ፥ ነገ ሌላው መጥቶ ያችን ይቆርጣል፤ ልጆቻችን ምን ይቀራቸዋል?»

 ለዚህ ምላሴን ትቼ እጄን ለቆቡ ዘረጋሁ፤ የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲያነቡ አያምኑኝም።

ቆቡን ጭኔ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ።

ስልሳ ዓመት በዘንግ ላይ ሲሰቀል የኖረ ቆዳ ደርቆ፥ ታጥፎ፥ ጠርዙ ተጣብቆ ነበር። ለማየት ቆብ ይመስላል። ሰዉ ሁሉ ቆብ ካለው እኔም ቆብ ብዬ ያዝኩት። የተተረተረውን ልተካ ወስፌዬን ሳስጠጋ ግን እጄ ቆመ። ስፌቱ ድርብ ነበር። በሁለቱ ስፌት መካከል ሰምና ጅማት ተጠቅጥቋል። ማንም ሰው ቆብ እንዲህ አይሰፋም፤ ለራስ ይከብዳል፥ ላብ አያስወጣም። እንዲህ የሚሰፋ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሞራ አቅልጬ ቀባሁት፤ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አሳድሬ እያሸሁ እያሸሁ እጥፋቱን ፈታሁት። ሲፈታ ውስጡን አየሁ። የሆነውን ሁሉ ያየሁት ያኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ሐሪርን እየሳቡ መጡ። ከባሕር ዳር መመለሳቸው ነበር፤ ባዝራይቱ ላብ በላብ ሆናለች። አሥራትም ነበረ፤ ቦርሳው ከተሰፋ ሁለት ቀን ቢሆነውም አሁንም ሊወስድ መምጣቱ ነው።

«ቆቤ ደረሰ?»

«ቆብዎን አላገኘሁትም፥ ሐጂ። ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው።» አወጣሁና አሳየኋቸው። እጥፋቱ ተፈትቶ ቁመቱ ክንድ የሚሞላ፥ አፉ ሰፊ፥ ታቹ ክብ የቆዳ ዕቃ ሆኗል።

ፊታቸው ተለወጠ። «ምን አደረግሽው! የአባቴን ቆብ ቀደድሽው!»

«አንድ ብጣሽ ቆዳ አልቆረጥኩም። ይቀመጡና ይዩ። ይህ ስፌት ድርብ ነው፤ ሰም ገብቶበታል። ሰም የሚገባው ውኃ እንዳያፈስ ነው። ይህን ነጭ መስመር ደግሞ ውስጡ ላይ ይዩት፤ የውኃ ጠባሳ ነው፥ ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ እንዳለው። ብዙ ዓመት እስከዚህ ድረስ ሲሞላ ኖሯል። አሁን ጠርዙን በጣትዎ ይዳስሱት።»

ዳሰሱት። ጠርዙ ዙሪያውን ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነው።

«የወስፌ ነው?» አሉ በቀስታ።

«የወስፌ ቀዳዳ ይበሳል፤ ይህ ተጭኗል። የሚያውቀው ሌላ ስለሆነ እሱን እንጠይቅ።»

ከበርሜሌ ውኃ ቀድቼ እስከ ነጩ መስመር ሞላሁት። አንድ ጠብታ አልወጣም፤ ይህን ስጽፍ አሁንም እኮራለሁ። ሐሪር ጆሮዋን ቀሰረች። ከጌታዋ እጅ ወጥታ መጣች፤ አፏን ነከረች። ስትጠጣ፥ ፈረስ ሁሉ ሲቸኩል እንደሚያደርገው፥ ጠርዙን በጥርሷ ያዘችው። ጥርሷ የቆየው ጎድጓዳ ውስጥ ልክክ አለ።

 እኔና እሳቸው ከንጋት ጀምሮ ጉሮሯችን ደርቆ፥ ባዝራይቱ ስትጠጣ በአንገቷ ቁልቁል የሚወርደውን ጉንጭ ጉንጭ ውኃ እናያለን። የጾመ ሰው የውኃን ዋጋ ያውቃል፤ ምናልባት ያን ነገር ሊያዩት የቻሉት ረመዳን ስለነበረ ይሆናል።

«አባቴ ሲሞቱ ሰባት ዓመቴ ነበር» አሉ ሐጂ በመጨረሻ። «ቆቡን በዘንግ ላይ ሲሰቅሉ ያየሁት አጎቴን ነው። አባቴ ራሳቸው ላይ አድርገውት አላየሁም። አላየሁም…» ከዚያ ድንገት ቀና አሉ። «ዘንባባው ሥር ጉድጓድ ነበር!»

«የቱ ጉድጓድ?» አለ አሥራት።

«አሁን የተደፈነው። እኔ ጠጥቼበታለሁ፤ ማር ነበር ውኃው። አባቴ ከሞቱ በኋላ ባሕሩ ገባበት፤ ጨው ሆነ። ፈረስ አይጠጣው፥ ሰው አይጠጣው። ያኔ ነው… ያኔ ነው ያለ ውኃ መሮጥ የጀመሩት፤ ውኃ ስላልነበረ!» ማጠጫውን አቀፉት። «ያ አላህ! አባቴ ፈረሳቸውን ሲያጠጡበት የኖሩትን ገልብጬ፥ ዘንግ ላይ ሰቅዬ፥ ‹ውኃ የለም› እያልኩበት ነው የኖርኩት!»

አሁን ማሸነፌን ማወጅ እችል ነበር። የሽማግሌውን ፊት ሳይ ግን ምላሴ ፈቃደኛ አልሆነም።

«ርስትዎን አልሸራረፉም፥ ሐጂ» አልኩ። «ጉድጓዱ ጨው ሲሆን ርስቱ ራሱ ተሸራርፎ ነበር። አሁን መልሰው ይሰፉታል። ሦስቱ ደርሶ መልስ ሦስት ይሁን፥ ማን ነካብን! ግን በየዙሩ ዘንባባው ሥር ፈረሱ ይቁም፤ ትንፋሹ እስኪረጋ በእርምጃ ይሂድ፤ ከዚያ በዚህ ማጠጫ ግማሽ ይጠጣ። እርስዎ ደግሞ ደረቱን ይዳስሱ። የሚያለከልክ ከሆነ ‹በቃህ› ይበሉት። መቅረቱ ነውር አይሁን።»

«ነውሩ እሱ አይደለም» አሉ፥ አንገታቸውን ደፍተው። «አምና የውድነህ ፈረስ ሲሞት ሕግ ነው አልኩ። ዘንድሮ የእኔ ባዝራ ልትሮጥ ስትል ሕጉን ብለውጥ ሰው ምን ይለኛል? ውድነህስ ሲያየኝ ዓይኔን ወዴት ላድርገው?»

አሥራት መጽሐፉን አላነሣም፤ እኔም ወስፌዬን አላነሣሁም። ይህ በስፌት የሚጠገን ነገር አልነበረም። ሐጂ ሐሪርን ይዘው ሄዱ፤ ማጠጫውን በደረታቸው አቅፈው።

የዒድ ማግስት የአሰብ ሕዝብ የጨው እርሻው ጫፍ ላይ ወጣ። ከበይሉል የመጡ አፋሮች በግመል ላይ ሆነው ያያሉ፤ የወደቡ ሠራተኛ ክሬን ላይ ወጥቷል። ዘጠኝ ፈረስ ተሰለፈ። ሐጂ ጀዕፈር ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፥ ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ፤ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ግን ምንም የለም። ማጠጫው ውኃ ሞልቶ በግራ እጃቸው ነበር።

«ሕዝበ ሙስሊም፥ ክርስቲያን ወንድሞቼም!» አሉ። «ስልሳ ዓመት ቆብ ብለን የሰቀልነው ይኸው። ባልዲ ነው። አባቴ ፈረስ ያጠጡበት ነበር። ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ።» ጉድጓዱን፥ ጨውን፥ የጥርሱን ምልክት አንድ በአንድ ነገሯቸው። አዲሱን ሥርዓትም ነገሯቸው።

ጉምጉምታ ተነሣ። ስለሺ የሚባል ጋሪ ነጂ፥ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ፥ «ባዝራይቱ ስትጠማ ሕጉ ራሰ!» አለ። ከኋላ ሳቁ።

ሐጂ የሚጠብቁት ይህንኑ ነበር። «ስለሺ ልክ ነው፤ እንዲህ ይባላልና ሐሪር ዛሬ አትሮጥም» አሉ፤ ልጓሟንም ከጋላቢው እጅ ተቀበሉ። «ባዝራዬ ትቅር፥ ሥርዓቱ ይኑር።»

ሐሪር የተገራችው ለዚህ ቀን ብቻ ነው። ሌሎቹ ሲሰለፉ በእግሯ መሬት ቆፈረች። ሽማግሌው አንገቷን ይዘው ፊታቸውን ከሕዝቡ መለሱ። ከዚያ ከሰልፉ ውጭ የነበረ አንድ ሰው፥ እጁ እስከ ክርኑ የወደብ ዘይት የነካው፥ መካከል ገባ። ውድነህ ነበር። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት።

«ሐጂ፥ ልጓሙን ያምጡት።»

«ውድነህ፥ ልጄ…»

«ለባዝራዎ ሲሉ ለውጠውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ አያስቀሯትም ነበር። የእኔ ቡላ ሞቷል፤ ሌላ ፈረስ ባይሞት ነው የሚክሰኝ እንጂ ሌላ ፈረስ ቤት ቢቀር አይደለም።» ልጓሙን ወስዶ ሐሪርን ራሱ ሰልፉ ላይ አቆማት። ከዚያ ወደ ስለሺ ዞረና፥ «አንተ ደግሞ መሐረብህን አፍህ ላይ ማድረግህ ጥሩ ነው፤ አውልቀህ ግን አትናገር» አለው። እኔ ለመናገር ያሰብኩትን ቀደመኝ፤ ይቅር ብዬዋለሁ።

ሐጂ ማጠጫውን ከፍ አደረጉ፥ ዝቅ አደረጉ። ጥቂት ውኃ ፈሰሰ። ዘጠኙ ተለቀቁ።

በዘንባባው ሥር አሥራት በጋሪ በርሜል ውኃ ይዞ ይጠብቅ ነበር፤ በሳይንስ ሳይሆን በባልዲ። ሐጂም ማጠጫውን ይዘው በወደብ መኪና ቀድመው ደረሱ። ሲደርሱ ጋላቢዎቹ ይወርዳሉ፤ ፈረሶቹ ይራመዳሉ፤ ይጠጣሉ። ሐጂ በየዙሩ ደረታቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሁለቱን «በቃችሁ» አሏቸው፤ ጋላቢዎቹ ቅር አላቸው እንጂ አላፈሩም። ሐሪር በመጀመሪያው ዙር እንደ ነፋስ ቀደመች፤ በሦስተኛው ግን ጉልበቷ አልበቃም፤ ሦስተኛ ሆና ገባች። አንደኛ የወጣው ማንም ያልገመተው የአንድ ዓሣ ነጋዴ ዳማ ፈረስ ነው። ጉራቹ? «በቃችሁ» ከተባሉት ከሁለቱ አንዱ ነበር፤ ዝም ብሎ እንደ መራመድ የሚወደው ነገር የለም፤ ሌሎቹ ጠጥተው ኃይላቸውን መልሰው ሲሮጡ ሊከተላቸው ሞክሮ አለከለከ።

አንባቢዬ ሆይ፥ ከለውጡ የተገኘውን ጥቅም መዘርዘር የእኔ ድርሻ ስለሆነ ልናገር። በዚያ ዓመት ከግልቢያ በኋላ የተቀበረ ፈረስ የለም። ሕዝቡ ያየው ሩጫ እውነተኛ ሩጫ ነበር፤ ሦስተኛው ዙር እንደ ዱሮው የሚጎተት ሬሳ ሳይሆን የሚያስጮህ ውድድር ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የተወለዱት ውርንጭላዎች ከሰነፍ ሳይሆን ከፈጣንና ከልበ ሙሉ ተወለዱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፥ ልማድን መመርመር ልማድን መናቅ እንዳልሆነ ብዙ ሰው ተማረ። አባቶቻችን ያወረሱንን ዕቃ ሳይፈቱ ከሰቀሉት፥ ምን እንደነበረ ራሱ ዕቃው ይረሳል። የሚፈታው እጅ ግን አክብሮ ይፍታ፤ እኔም ምላሴ ያላደረገውን እጄ ያደረገው በዚህ ነው።

ሰዉ ሲበተን ሐጂን ጨው እርሻው ጫፍ ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። በየፈረሱ አጠገብ እየቆሙ፥ ደረቱን በመዳፋቸው እየነኩ፥ በጣታቸው ይቆጥራሉ።

«ምን ይቆጥራሉ፥ ሐጂ? አንደኛው ከታወቀ ቆየ።»

«ዘጠኝ» አሉ ሳይመልሱልኝ። ሐሪር ላይ ሲደርሱ ጆሮዋን አሹ። «ዘጠኝ ወጡ፥ ዘጠኝ ገቡ። ስልሳ ዓመት የቆጠርኩት አንዱን ብቻ ነበር፥ ሒክማ።»

ከዚያ ባዶውን ማጠጫ ሰጡኝ። ጠርዙ ላይ፥ ከጥንቶቹ ጎን፥ አዳዲስ የጥርስ ምልክት ተጨምሯል።

«ይህን አትጠግኚው» አሉኝ። «እንዲህ ይሁን።»